ሦስተኛው ቫልቭ

እንጀራዬ ጆሮዬ ነው፤ እጄ ተከታዩ።
ኤንትሬው ገና ከመታጠፊያው ሲያስል፣ ሲተነፍስ፣
ሻዬን ሳላስቀምጥ፣ ካለሁበት ሳልነሣ፣ ከደጄ ሳይደርስ፣
"ሦስተኛው ቫልቭ ነው" እላለሁ፤ ሲፈታ እንዳልኩት ይሆናል፤
ሾፌሩ "አንተ ጠንቋይ ነህ!" ብሎ ይገረማል።

ዛሬ ጠዋት ግን ሦስት ጎረምሶች እየገፉ፣
በላብ ተጠምቀው፣ በየመሃሉ እያረፉ፣
አንዲት ነጭ መኪና አመጡ፣ አፍንጫዋ የተደፈነ፤
ጭስ ማውጫ ብፈልግ ኋላዋ የተከደነ።

የባለፋርማሲዋ ናት፣ የወይዘሮ ኢተነሽ።
ሌሊት መብራት ጠፋ፤ መኪናዋም ጦሟን አደረች፤
ጠዋት ለአሰላ መንገድ ብትነሣ፣ ፖስታ ቤት ሳታልፍ ቆመች።

ጋራዡ ሸንጎ ሆነ።

ጉተማ፣ ሃያ ዓመት በጅቡቲ መስመር ቦቴ የነዳው፣
"አልነገርኳችሁም?" አለ፤ ቀን ሲጠብቅ የኖረ ነው የሚመስለው።
"ገላፊ ላይ ስትቆም፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣
ማን ያመጣልሃል በጀሪካን መብራት?"

ሳቅ ሆነ። ነስሩ ባጃጁን አቁሞ፣ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣
"በጀሪካንስ ቤንዚን የት አለ ጋሼ?" ብሎ ተከራከረ።
"ትናንት ማደያ ደጅ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተሰልፌ፣
ተራዬ ሲደርስ 'አለቀ' አሉኝ፤ ገባሁ ባዶ ጀሪካን ታቅፌ።
ከነዳሁበት ቀን የተሰለፍኩበት ይበልጣል፤
መብራት ቢጠፋ እንኳ፣ ቢያንስ ሰው ቤቱ ተኝቶ ይጠብቃል።"

"ባትሪው ሲያረጅስ?" አለች ሎሚቱ፣ ከሱቋ ብቅ ብላ፤
"የቤት ዋጋ ነው ይላሉ፤ ማን ይከፍላል ኋላ?
መደርደሪያዬ ሙሉ ነው፤ ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፤
ምን ላድርጋቸው እንግዲህ? የልብስ መስቀያ?"

ኦብሳ፣ ለማጄ፣ ቃል ከአፉ የማይወጣ፣ ቢወጣም ተበድሮ፣
ግሪስ የጠጣ ጣቱን ወደ ኮረብታው ቀስሮ፣
"ነፋሱ የኛ ነው" አለ።
ያ ብቻ።

ሁላችንም ዞርን። ማማዎቹ ነጭ፣ ረጃጅም፣
ለክርክራችን ግድ የላቸውም፣ ሲቆሙም ሲዞሩም።
ይህ ነፋስ ድሮ ሥራው ዓይናችንን መሙላት ነበር፤
ቆርቆሮ መንቀል፣ የሠርግ ድንኳን ይዞ መብረር።
አሁን ደመወዝተኛ ሆኗል አሉ።

"ነፋሱስ የኛ ነው" አለ ጉተማ ቆይቶ፣ "ሽቦው ግን ወዴት ሄደ?
እዚያ ላይ ሲሽከረከር አድሮ፣ እኔ ቤት ሻማ ነደደ።"
ለዚህ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ ኢተነሽ ብቻ፣ "መድኃኒትም አዲስ ሲሆን መርዝ ይባላል" እያለች፣
ከጎማ ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ብርቱካን እየላጠች፣
ለነስሩ ግማሹን፣ ለጉተማም ግማሹን ሰጠች።

ከሰዓት በኋላ መብራት መጣ። ከብየዳው ሶኬት ገመድ ጎተትን፤
መኪናዋ እየጠጣች፣ እኛ ስለሷ እያማን፣ ፀሐይን ሸኘን።

ከዚያ ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ በራ።
እኔም በልማዴ ጎንበስ ብዬ፣ ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ ጣልኩ።
ምንም።
ሳል የለ፣ ማጉረምረም የለ፣ የዝንብ ክንፍ ያህል እንኳ።
ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት ድምፅ ባንዴ ከኔ ሸሸ፤
ውጭ ገና ብርሃን ነበር፤ በጆሮዬ ውስጥ መሸ።

"ምን ሰማህ?" አለኝ ኦብሳ።
"ደኅና ናት" አልኩት። ምን ልበለው?

ሄደች። አስፋልቱ ላይ የተኛው ውሻ እንኳ አልሰማት፤
ጎማዋ ጅራቱ ጋ ሲደርስ ነው ብድግ ያለላት።
ጉተማ "አየህ!" አለኝ። ነስሩም "አየህ!" አለኝ።
ሁለቱም አንድ ውሻ ነው ያሳዩኝ።

ማታ መብራት እንደገና ጠፋ። ነፋሱ ከኮረብታው ወርዶ
ጣራዬን ያንኳኳል፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ደግሞ በርግዶ።
አስካለች "ተኛ እንጂ" ትለኛለች።
ጨለማው ውስጥ ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ፣
"ሦስተኛው ቆርቆሮ ነው" አልኳት፤ "ምስማሩ ላልቷል፤ ነገ አጠብቀዋለሁ።"